«ጎማውን ብቻ ላሳድገው»

ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት ላንድክሩዘር ገዛ። ቶዮታ «60» የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተሠራውን፣ ሳጥን የመሰለውን። ድሮ ነጭ ነበር አሉ። አሁን ቀለሙን ምን ብዬ እንደምጠራው ቸግሮኛል። በገዛ በሳምንቱ ቡና ጠራኝና ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። ስክሪኑ ላይ የእሱ ዓይነት መኪና በረሃ መሐል ቆሟል። ጎማው የበሩን እጀታ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለኝ። «ጎማውን ብቻ ላሳድገው።»

ሳቅሁ። ቅር አለው። የሳቅሁት ግን በእሱ አልነበረም፣ «ብቻ» በምትለው ቃል ነው። እኔ ራሴ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር «70» ላይ አሥራ አንድ ዓመት የከረምኩት «ይቺን ብቻ» እያልኩ ነው።

እንዲህ ያለው ሐሳብ አዳማ ውስጥ አሁን አሁን በዝቷል። አይገርምም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና አጥብቀን ይዘናል። የያዙትን ደግሞ ማሳመር ያለ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲያድግ መኪናው ውስጥ ምን እንደሚከተል ላስረዳ። ከጎማው ጀምረን ክሩን እየመዘዝን እንሂድ።

አራት ሴንቲ ሜትር

በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የምናየው ጎማ 7.50 በ16 ነው። ከመሬት እስከ አናቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎረቤቴ የወደደው ባለ 35 ኢንቹን ነው። እሱ 89 ሴንቲ ሜትር ነው። ስምንት ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጨመርን ማለት ነው። ብዙ ይመስላል።

ግን ጎማ የሚያድገው ከመሐሉ ተነስቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ነው። ዲፈረንሻሉን (ከመኪናው ሥር በግራና በቀኝ ጎማ መሐል ያለውን እብጥ ብረት) ከድንጋይ የሚያርቀው የታችኛው ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የተገኘው ከፍታ አራት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጣት አይሞላም። የላይኛው ግማሽ ጎማውን ከላይ ወደሚሸፍነው ላሜራ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል፤ መሪ ሲታጠፍ ደግሞ ላሜራውን ይፍቃል። ያኔ «ትንሽ ከፍ እናድርገው» ይባላል፣ ወይም ግራይንደር ይመጣል። ሁለቱንም አይቻለሁ። ግራይንደር የቆረጠው ግን እንደ ድሮው አይሆንም።

ቀጥሎ ጎማው አንዴ ሲዞር ስንት እንደሚሄድ እንይ። ድሮ ሁለት ሜትር ተኩል ነበር። አሁን ወደ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነው። 10 በመቶ ጨመረ። ይህንን ለኪሎ ሜትር ቆጣሪው የነገረው የለም። እሱ የሚቆጥረው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በስተኋላ የሚወጣውን ዘንግ ዙር ነው። ስለዚህ እሱ 100 ሲላችሁ እናንተ 110 ላይ ናችሁ። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ትራፊክ ካስቆማችሁ «ጎማ አሳድጌ ነው» ማለት አያዋጣም። ዘይት በ5,000 እቀይራለሁ የሚል ሰውም በ5,500 እየቀየረ ነው፣ ሳያውቀው።

ትልቁ ጣጣ ግን ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። እዚያ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ይነካከሳሉ። በብዙ ላንድክሩዘሮች ትልቁ 37 ጥርስ፣ ትንሹ 9 ጥርስ አለው። 37 ለ9 ሲካፈል 4.11 ይመጣል። ዘንጉ አራት ጊዜ ከምናምን ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። በዚህም ፍጥነቱ ተቀንሶ ጉልበቱ ይባዛል። ብስክሌት ነድቶ ዳገት የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጎማው በ10 በመቶ ሲያድግ ያ 4.11 ወደ 3.73 የወረደ ያህል ነው። ማባዣው ቀነሰ። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው።

ከዴራ በኋላ ያለው ዳገት

ያ ሞተር ምን ያህል ትርፍ ጉልበት አለው? በጎረቤቴ መኪና ውስጥ ያለው 2ኤች የሚባለው ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ ለ4 ሊትር ትንሽ ፈሪ፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ። ከፋብሪካ ሲወጣ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። የሚጎትተው ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ብረት ነው፣ ሰውና ዕቃ ሳይጨመር።

100 የሚለው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። አዳማ ወደ 1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 82 በመቶ ገደማ ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ 75 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን ነው። አየር ባነሰ ቁጥር ጉልበቱም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትሄዱ፣ ዴራን አልፋችሁ ወደ ኢተያ ስትወጡ ያለችው ሞተር ባለ 100 አይደለችም። በዚያ ላይ ትልቁ ጎማ ማባዣውን ቀንሶባታል። በአራተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው በሦስተኛ ይወጣል። በሦስተኛው ይወጣ የነበረው እየተንፈራገጠ ነው።

እዚህ ላይ ነው ናፍጣ የሚመጥነውን «ፖምፓውን ከፈት አድርግልኝ» የሚባለው። ናፍጣ ይጨመራል፣ አየሩ ግን ያው ነው። ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከኋላችሁ ያለው የባጃጅ ሹፌር ይረግማችኋል። ጥቂት ጉልበት ይገኛል፣ አልክድም። ከእሱ ጋር ግን ሙቀት ይመጣል።

ቱርቦ እንግጠም የሚሉም አሉ። በ70ዎቹ ውስጥ ያለው 1ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የመጣው፣ ብዙ የተሞከረበት ሞተር ነው። ይህ ሞተር ናፍጣውን ቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ አይረጭም። መጀመሪያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ያቃጥለዋል። ያቺ ክፍል በተፈጥሮዋ በጣም ትሞቃለች። ቱርቦ ተገጥሞ ናፍጣው ሲበዛ ቴስታታው እዚያው አካባቢ ይሰነጠቃል። በልክ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ተገጥሞለት የሚኖር አለ። ያለ መለኪያ ከሆነ ግን ዕድላችሁን እየሞከራችሁ ነው።

የዲፈረንሻሉን ጥርሶች መቀየር ትክክለኛው መፍትሔ ነው። 4.56 ቢገባ ለ35 ኢንች ጎማ የድሮው ጉልበት ይመለሳል። ግን የኋላውን ብቻ መቀየር አይቻልም። ፊትና ኋላ በተለያየ ቁጥር ከዞሩ፣ ፎርዊል የገባ ዕለት አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የሆነ ነገር እስኪሰበር ድረስ። ስለዚህ ሁለቱም ይቀየራሉ። «ጎማውን ብቻ» ያለው ሰው አሁን ሁለት ዲፈረንሻል አውርዷል።

በነገራችን ላይ አምስተኛውን ጎማ የሚያስታውስ የለም። አራት 35 ገዝቶ መጠባበቂያው 7.50 የሆነ ሰው፣ ጎማ የፈነዳበት ቀን ያንኑ ችግር እቤቱ ድረስ ይጠራል።

ውሃው የሚፈላበት ቁጥር

ሞተሩ በለፋ ቁጥር ይሞቃል። አሮጌ መኪና ደግሞ ሙቀቱን ይዞ የሚሄድበት አቅሙ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አዳማ ውስጥ ሞተር የሚገድለው ከሁሉ በላይ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የራዲያተር ክዳን ተራ ክዳን ይመስለናል። አይደለም፣ ውስጡ ስፕሪንግ አለው። ስርዓቱን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል። ውሃ ግፊት ሲበዛበት በከፍተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ የግፊት ድስት የሚሠራውም በዚሁ ነው። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ94 ወይም 95 ዲግሪ ነው እንጂ በ100 አይደለም። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለ ግን እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። 20 ዲግሪ ትርፍ በአንድ ትንሽ ክዳን! ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይህንን 20 ዲግሪ ይዞ ይጠፋል። ከሁሉ በፊት የሚቀየረው እሱ ነው። በቁጥሩ ግዙ፤ የሚገጥም ሁሉ አይሆንም።

ሌላው ቴርሞስታቱ ነው። እኔ መኪናዬን ከገዛሁ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ናፍጣ ትበላለች፣ ፈጣን መንገድ ላይ የሙቀት መርፌዋ ከታች አይነሳም። ኋላ ሲከፈት ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለም። ከእኔ በፊት አንድ ጋራዥ «እዚህ አገር ሙቀት ነው፣ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ይህ አስተሳሰብ ዛሬም አለ። ቴርሞስታት ሞተሩ ወደ 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ውሃውን ከራዲያተሩ ያግዳል። ናፍጣ ሞተር በብርድ ሲሠራ በደንብ አያቃጥልም፤ የሲሊንደሩን ቅባት ያጥባል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይበላል። ቴርሞስታት ያወጣ መካኒክ የራዲያተሩን በሽታ ደበቀ እንጂ አላከመም።

የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማዕድን አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይቀራል። ቀዝቃዛ አገር ባንሆንም ኩላንት የሚያስፈልገን ለዝገቱ ነው።

እንግዲህ ትልቅ ጎማ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የሚጫነው። ክዳኑ ደክሞ፣ ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ሞተሩ በቀነሰ ማባዣ እያቃሰተ ወደ አሰላ ይወጣል። ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ሰው «አሮጌ ስለሆነች ነው» ይላል።

የወጣው ሲወርድ

ከአሰላ መመለሱ ደግሞ ሌላ ነው። ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ከመሐሉ አካባቢ ነው። መሬቱ የሚገፋው ግን ጫፉን ነው። ጫፉ በራቀ ቁጥር መሬቱ ይበረታል፤ ረጅም ቁልፍ ዛገ የተባለውን ቡሎን የሚፈታው ለዚህ ነው። ስለዚህ 10 በመቶ ትልቅ ጎማ ማለት በተመሳሳይ እግር 10 በመቶ ያነሰ ፍሬን ማለት ነው። የጎማው ክብደት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። በብዙዎቹ የድሮ ቶዮታ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ከኋላ አክሰሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ የፍሬን ቫልቭ አለ። ሥራዋ መኪናው መጫን አለመጫኑን ማወቅ ነው። ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋታል፣ ቫልቩ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይሰጣል። ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ ይላል፣ ጎማው ታስሮ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን ትቀንሳለች። ጎበዝ ናት። ግን ማየት አትችልም። ባሊስትራው (መኪናውን የተሸከመው የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) በረጅም ተቀይሮ መኪናው ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብላ ታስባለች። አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭናችሁ እየወረዳችሁ፣ እሷ ለኋላ ፍሬን እየነፈገቻችሁ ነው። መኪና ከፍ ያደረገ ሁሉ ዘንጓን ማስተካከል አለበት። ስንቱ ያደርገዋል? እኔ እንኳ የነገረኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው፣ በአጋጣሚ ከሥር ተኝቶ ሳለ። «ልጄ፣ ይቺን ማን ረሳት?» አለኝ። እኔ ነበርኩ የረሳኋት።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱም ሲረገጥ ይታመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል። በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ መጨመር መቀየር አይደለም። እየወረዳችሁ ደግሞ ማርሽ ቀንሱ። የወጣችሁበት ማርሽ ለመውረጃም ይሆናል።

ባሊስትራን በተመለከተ አጭር ልበል። ቅጠል መጨመር መኪናውን ከፍ ያደርጋል፣ ግን ያደርቀዋል። ባዶ ስትነዱት እንደ ጋሪ ይዘላል። ባሊስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ ብቻ ማስረዘም ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ይወደዳል። ከፊት ሲደረግ ግን የአክሰሉ ማዘንበያ ይቀየርና መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አልመለስ ይላል። በፍጥነት ላይ መኪናው ይቅበዘበዛል።

(ካምቢዮ፣ ባሊስትራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ጎሚስታ። ጋራዣችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው። አሁን ደግሞ ላዩ ላይ «ሊፍት» እና «ስኖርክል» ተጨምሯል።)

አቧራውን በተመለከተ

ስኖርክልን (ሞተሩ አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብበትን ቧንቧ) ካነሳን አይቀር፣ ለአዳማ ሰው ከውሃ ይልቅ ለአቧራ ነው የሚጠቅመው። የከተማችንን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ የነፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፊት ያለው መኪና የሚያስነሳው አቧራ ወፍራሙ ከታች ነው። አየር ከጣሪያው አካባቢ ሲሳብ ፊልትሮው ቶሎ አይደፈንም። ግን መገጣጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ስኖርክል ጌጥ ነው።

ከዚህ በፊት ግን ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለውን ጎማ ቱቦ እዩት። ከፊልትሮ በኋላ የተሰነጠቀ ቱቦ ማለት አሸዋ በቀጥታ ለፒስተን ማጉረስ ነው። ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ቀላ ካለ ቀዳዳ አለ። ፊልትሮ በአየር ሲጸዳም ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ። ከውጭ የነፋ ሰው አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ቀበረው።

የ70 ባለቤቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከጎማ ጋር ባይገናኝም። 1ኤችዜድ ታይሚንግ ቤልት አለው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል የሚባለው። ክሩስኮቶው (ከመሪው ፊት ያለው የቆጣሪዎች ሰሌዳ) ላይ የምትበራው መብራት የቤልቱን ጤንነት አታውቅም፣ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትቆጥረው። ቆጣሪው ለዓመታት ቆሞ የነበረ መኪና ከገዛችሁ መብራቷን አትመኑ። ቤልቱ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የጎረቤቴ 2ኤች ግን በጥርስ ነው የሚሠራው፤ በዚህ በኩል እሱ ዕድለኛ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ጎረቤቴን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር። «የት ልትሄድበት ነው?» ሶደሬ፣ ወንጂ፣ አንዳንዴ አርሲ ዘመድ ጋ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ያለበት። ለዚህ 35 ኢንች አያስፈልግም። ጭቃ ላይ ቀጭኑ 7.50 ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ላዩን ሰንጥቆ ከታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል።

ለአሸዋና ለለስላሳ መሬት ደግሞ ነፃ የሆነ ማሻሻያ አለ። ጎማውን ማስተንፈስ ነው። ግፊቱ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ሲወርድ የጎማው መርገጫ ይረዝማል፣ ክብደቱም ይከፋፈላል። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ተመልሶ ይነፋ፤ የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ይግልና ይፈነዳል። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ ደግሞ ብዙ አታስተንፍሱት። ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳሪውን አፍ ይገነጥለዋል።

አዲስ ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። «አዲስ ነው፣ ፀጉሩን እይ» ለሚላችሁ ሻጭ ይህንን ቁጥር አሳዩት። ጎማ መደርደሪያ ላይ ሆኖም ያረጃል።

ገንዘብ አውጥቼ መኪናዬ ላይ ከጨመርኳቸው ነገሮች ሁሉ የምወደው ሁለት ሜትር ቱቦ ነው። ዲፈረንሻል አናቱ ላይ የምትተነፍስ ትንሽ አፍ አላት። ስትነዱ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል። ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውሃውን ይስባል። በኋላ ዘይቱ ሲፈስ ማኪያቶ መስሎ ይወጣል። ከዚያች አፍ ቱቦ አስረዝሞ ኮፈን ውስጥ ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። ሌላ ጥበብ የለውም።

ጎረቤቴ 35ቱን ለጊዜው ተወው። አምስት 7.50 ገዛ፣ ክዳንና ቴርሞስታት ቀየረ። ከዚያ ከፊት ጎማው ጀርባ ያለውን ግማሽ ኳስ የመሰለ ብረት እንዲያይ ነገርኩት። ውስጡ ለፊት ጎማ ጉልበት የሚያስተላልፍ ጆንታ አለ፣ በወፍራም ግራሶ ተከቦ። ከዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ዘይት ማገጃ ሲያረጅ ቀጭኑ ዘይት ሾልኮ ይገባና ግራሶውን ያቀጥነዋል። ምልክቱ ኳሱ ላይ የሚታይ እርጥበት ነው። የእሱ እርጥብ ብቻ አልነበረም፣ ይንጠባጠብ ነበር። ሲፈታ ግራሶው እንደ ሾርባ ፈሰሰ። መካኒኩ ጎማውን በክሪክ አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ ሲወዘውዘው ኩሽኔታውም ተጫወተ።

ሁለት ቀን ፈጀ። ወጪው ከሁለት ትልልቅ ጎማ ዋጋ አነሰ። የበረሃው ፎቶ አሁንም ስልኩ ላይ አለ።